ከንጋቱ 5 ሰዓት በፊት መሻገር፦ ድልድዩ ሁለት ዓመት ተኩል ሲዘጋብን እንዴት እንደኖርን

ሰሞኑን ሌላ ስቴት የሚኖር ጓደኛዬ ደወለና "እኛ ጋ ያለውን ሃይዌይ ለሁለት ዓመት ሊዘጉት ነው አሉ፣ እናንተ ያ ድልድይ ሲዘጋባችሁ እንዴት ቻላችሁት?" አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራው ቆየሁና ስልኩን ስዘጋ ይሄን ነገር ብጽፈው ሌላም ሰው አይጠቅመውም እንዴ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ወሩንም እንደዛው፣ ቅር አይበላችሁ፣ የኔ ታሪክ ግማሹ የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ እንዳይምታታ ነው።

የምኖረው ዌስት ሲያትል ነው፣ ዴልሪጅ አካባቢ። ለማያውቀው፣ ዌስት ሲያትል የከተማው ሰፈር ነው ይባላል እንጂ ከዋናው ከተማ በውሃ የተቆረጠ ነው። ዱዋሚሽ የሚባለው ወንዝ መሃል ገብቷል፣ የኮንቴይነር መርከብ የሚገባበት። ወደ ዳውንታውን መሄጃው ደግሞ ትልቁ ድልድይ ነው፣ ከውሃው 43 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለተሰራ መርከብ ከስሩ ያልፋል አንተ ከላይ ታልፋለህ፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በቀን ወደ 100,000 መኪና ያልፍበት ነበር። እኔ ፈርስት ሂል ላይ ያለ ሆስፒታል ጽዳት ክፍል ነው የምሰራው፣ ከቤቴ በር እስከ ስራ ፓርኪንግ 15 ደቂቃ። ለዓመታት 15 ደቂቃ። ስለ ድልድዩ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም፣ ማን ስለ ድልድይ ያስባል።

ማርች 23 2020 ሰኞ ነበር። ከስራ ገብቼ በር ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ (ኮቪድ የጀመረበት ሰሞን ስለሆነ የሆስፒታል ልብሴን ይዤ ወደ ውስጥ አልገባም ነበር) ሚስቴ ስልኳን ይዛ መጣችና "ድልድዩን ሊዘጉት ነው" አለችኝ።

"መቼ?"

"ዛሬ ማታ፣ 7 ሰዓት።"

በቃ በዚህ ፍጥነት ነው የሆነው። ስንጥቁን መሐንዲሶቹ ለዓመታት ሲከታተሉት ነበር አሉ፣ በዛ ሰሞን ግን በድንገት መርዘም ጀመረ፣ እና መኪና ካልቆመ አደጋ ነው ተባለ። በዛችው ምሽት ደግሞ የስቴቱ ገዢ ጄይ ኢንስሊ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጥ አሉ። ቤቱም መንገዱም በአንድ ማታ ተዘጋ። ሚስቴ "ሁለቱም ሁለት ሳምንት ነው፣ ያልፋል" አለች፣ እኔም አመንኳት።

ያመንኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዛ በፊት በ2019 ጃንዋሪ 11 ዳውንታውን ላይ የነበረው አላስካን ዌይ ቫያደክት የሚባለው ከፍ ብሎ የተሰራ ሃይዌይ ተዘግቶ ቶነሉ እስኪከፈት፣ እስከ ፌብሯሪ 4 ማለት ነው፣ ሶስት ሳምንት ገደማ ዋናው መንገድ አልነበረም። ያኔ ከተማው ያልቅለታል ተብሎ ሲወራ ነበር፣ ምንም አልሆነም። ሰው ፈቃድ ወጣ፣ ከቤት ሰራ፣ በጠዋት ተነሳ፣ ባስ ያዘ፣ በቃ አለፈ። ስለዚህ እኛ የመንገድ መዘጋት ማለት ትንፋሽህን ይዘህ የምታልፈው ነገር ነው ብለን ተምረን ነበር። ሶስት ሳምንት ትንፋሽ ይያዛል፣ ሁለት ዓመት ተኩል ግን ትንፋሽ የያዘ ሰው ይሞታል። ጓደኛዬን ደጋግሜ ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት አትጠብቅ፣ ልክ ጭራሽ እንዳልነበረ አድርገህ ኑሮህን እንደገና አዘጋጅ። እኔ ይሄን ለመረዳት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ከትልቁ ድልድይ ስር ሌላ ዝቅ ያለ ድልድይ አለ፣ ሎው ብሪጅ እንለዋለን፣ መርከብ ሲመጣ እንደ በር ወደ ጎን የሚዞር። እሱ አልተዘጋም ግን ጠባብ ስለሆነ ከንጋቱ 5 እስከ ማታ 9 ሰዓት ለባስ፣ ለጭነት መኪና፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ብቻ ሆነ፣ ብስክሌትና እግረኛም ያልፋል። ተራ መኪና የሚያልፈው ከማታ 9 እስከ ንጋት 5 ብቻ ነው። ከዛ ውጭ ያለህ ምርጫ ወደ ደቡብ ወርደህ ፈርስት አቬኑ ሳውዝ ብሪጅ ወይም ሳውዝ ፓርክ ብሪጅን ይዘህ ዞረህ መምጣት ነው፣ እነሱም ሁለቱም ለመርከብ የሚከፈቱ ናቸው።

ኤፕሪል ላይ ደግሞ በ2020ም በ2021ም አይከፈትም፣ ጭራሽ ላይጠገንም ይችላል የሚል ነገር መጣ። ሰምተናል፣ ግን አልገባንም። ሰው የሰማውን ሁሉ አያምንም። እኔ በየቀኑ በዙሪያው መንገድ እየሄድኩ 15 ደቂቃው 45 ሲሆን፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ "ትንሽ ጊዜ ነው" እያልኩ የድሮ ኑሮዬን ነበር የምኖረው። መድሃኒት የምወስደው እዛ ማዶ ካለ ፋርማሲ፣ ጥርስ ሀኪሙ እዛ ማዶ፣ እንጀራ የምንገዛው ሬኒየር ጋ፣ የልጄ እግር ኳስ እዛ፣ አማቴ እዛ፣ ሁሉ ነገር እዛ። አንድ ቀን ለአንድ ብልቃጥ የደም ግፊት ኪኒን ብዬ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብኝ መጣሁ። ሃይላንድ ፓርክ ዌይ ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ ከፊቴ እስከ ታች ድረስ የቀይ ፍሬን መብራት ተደርድሮ ሳይ ለራሴ ነው የሳቅኩት፣ ከቤቴ ሁለት ብሎክ ላይ ፋርማሲ አለ እኮ!

ኖቬምበር 19 2020 ከንቲባዋ ጄኒ ደርከን ድልድዩ አይፈርስም ይጠገናል ብለው ወሰኑ፣ የሚከፈተውም በ2022 አጋማሽ ነው ተባለ። ለሌላው ሰው ጥሩ ዜና ነበር፣ ለኛ ቤት ደግሞ መንቂያ ሆነ። በዛ ማታ ከሚስቴ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የመብራት ቢል የመጣበት ኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ ውሃውን እንደምንሻገር ቆጠርን። የኔ ስራ አምስት ቀን፣ መሄድና መመለስ አስር። እሷ ቢከን ሂል ያሉ አንዲት አሮጊት ቤት ሆም ኬር ትሰራ ነበር፣ አራት ቀን፣ ስምንት። ኳስ አራት፣ ቤተ ክርስቲያን ሁለት፣ አማቴ ጋ ሁለት፣ እንጀራና ሱቅ ሁለት፣ ፋርማሲና ሀኪም ሁለት። ሰላሳ! በሳምንት ሰላሳ ጊዜ፣ በኮቪድ፣ ቤት ተቀመጡ በተባለበት ጊዜ። እኔ አስራ ምናምን ቢሆን ነው ብዬ ነበር ሳልቆጥር በፊት።

እና መጀመሪያ የምላችሁ ይሄን ነው፣ ቁጠሩ፣ በጭንቅላት ሳይሆን በወረቀት። ከዛ የማይቀረውን ከሚቀረው ለዩ። እኛ ፋርማሲውን በአንድ ስልክ ወደዚህ ማዶ አዛወርነው፣ አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ስምንት ወር ሙሉ ያላደረግኩት ነገር። እንጀራውን ሚስቴ ምጣዱን ከጋራዥ አውጥታ ራሷ መጋገር ጀመረች፣ መጀመሪያ ሰሞን አይን የለው ምን የለው፣ ዝም ብለን በላን። ትልቁ ነገር የሷ ስራ ነበር፣ ኤጀንሲዋን ከዚህ ማዶ ሰው ካለ ቀይሩልኝ ብላ ጠየቀች፣ ሁለት ወር አስጠበቋት፣ ግን አገኘች፣ አሁን በእግሯ ነው የምትሄደው። አሮጊቷን ስትሰናበት ግን አልቅሳለች፣ ሶስት ዓመት አብራቸው ነበረች። የልጄንም ቡድን ወደዚህ ቀየርነው፣ እሱ እስካሁን ያነሳብኛል፣ ጓደኞቹ እዛ ቀሩ። ነጻ ነገር የለም። ግን ሰላሳው አስራ አራት ሆነ።

አሁን ስለ ጠዋቱ። ሺፍቴ 6 ሰዓት ይገባል። ስለዚህ ከ5 በፊት ሎው ብሪጁን ካለፍኩ 15 ደቂቃው ይመለስልኛል፣ ካላለፍኩ የዙሪያው መንገድ ነው። መጀመሪያ 4:40 እየወጣሁ 4:50 ላይ እሻገር ነበር፣ ከዛ ፓርኪንግ ውስጥ መቀመጫዬን ወደ ኋላ ለቅቄ ብርድ ልብስ ተከናንቤ 40 ደቂቃ እተኛለሁ። ብርድ ልብስ ስላችሁ በክረምት የሲያትል ፓርኪንግ ማለት ፍሪጅ ነው። እንደኔ የሚያደርግ ሌላም ነበረ፣ በየመኪናው ውስጥ የተጠቀለለ ሰው ታያለህ፣ ልክ 5:45 ሲሆን ሁሉም አላርም ባንዴ ይጮሃል።

ከዛ 2021 መግቢያ ላይ ካሜራ ተገጠመ፣ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ያለፈ መኪና 75 ዶላር። እኔን አይመለከተኝም ብዬ ነበር፣ ሰዓቴን አውቃለሁ። አንድ ቀን 4:51 ላይ ድልድዩ ጋ ስደርስ አጥሩ ወረደ። ከፊቴ አራት መኪና አለ። ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ድልድዩ በዝግታ ሲዞር የዛን ያህል ሲሚንቶ ያለ ድምጽ መሄዱ ይገርማል፣ ከዛ አንዲት ጎታች ጀልባ ጠጠር የጫነ ባርጅ እየጎተተች መጣች፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከምትሄድ ቆማ ብትቀር ይሻላል። 4:55። 4:58። የባርጁ መጨረሻ ገና አልታየም። 5:01 ላይ አለፈች፣ ድልድዩ ተመልሶ እስኪገጥም 5:04። አጥሩ ሲነሳ ከፊቴ ያሉት አራቱም ነዱ፣ እኔ ልዙር ወይስ ልሂድ ብዬ ለአንድ ሰከንድ አሰብኩና ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመኪናዬ ታርጋ ጥርት ብሎ የተነሳበት ፎቶ በፖስታ መጣ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ ያን ያህል ጥርት ያለ ፎቶ በህይወቴ ተነስቼ አላውቅም። መከራከር ይቻል ነበር፣ ግን ለክርክሩ ከስራ የምቀርበት ቀን ከ75 ዶላር ስለሚበልጥ ከፍዬ ዝም አልኩ። ሚስቴ ፎቶውን ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው።

ከዛ ወዲህ 4:25 መውጣት ጀመርኩ። ትምህርቱ ምንድነው፣ አማካይ ሰዓት የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም፣ የምትመካበት የክፉ ቀኑ ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ 22 ደቂቃ ይልሃል፣ መርከብ እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ መንገድ ሲዘጋ ቀሪዎቹ መንገዶች በሙሉ ትንሽ ነገር የማይችሉ ይሆናሉ፣ አንድ መኪና ጎማው ፈንድቶ ቢቆም ሰፈሩ በሙሉ ይቆማል። ድሮ እንዲህ ሲሆን በሌላው ትሄዳለህ፣ ያኔ ግን ሌላው አልነበረም።

መርከብ እየጠበቅኩ ሳለ ብዙ ጊዜ የማስበው የድሮውን ታሪክ ነው። እዚሁ ቦታ ላይ ድሮ ለመርከብ የሚከፈት ድልድይ ነበር፣ ጁን 1978 አንድ የጭነት መርከብ መጥቶ ገጨውና ተከፍቶ ቀረ። መርከቡን ሲመራ የነበረው የወደብ ፓይለት 80 ዓመቱ ነበር። ሰማንያ! ትልቁ ድልድይ የተሰራው በዛ ምክንያት ነው፣ 1984 ላይ ተጠናቀቀ። ከዛ በፊት ለዓመታት ሲለመንለት አልተሰራም፣ ያ ሽማግሌ ከገጨው በኋላ ገንዘቡ ተገኘ። እንግዲህ ምን ትላላችሁ።

ጠዋቱን በዚህ ተወጣሁት፣ ከሰዓቱ ግን መፍትሄ አልነበረውም፣ 2:30 ላይ ስወጣ ሎው ብሪጅ ዝግ ነው። እዚህ ላይ የረዳኝ ሰው ነው። ሆስፒታላችን ውስጥ ላውንድሪ የሚሰራ አንድ ፊሊፒኖ ከኔ ቤት አምስት ደቂቃ ላይ እንደሚኖር ለዓመታት አላውቅም ነበር፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሳየው ነው የተዋወቅነው። በሳምንት ሁለት ቀን እሱ፣ ሁለት ቀን እኔ መንዳት ጀመርን። ትራፊኩ አልቀነሰም፣ ግን በየሁለተኛው ቀን አንተ ትተኛለህ ሌላው ይናደዳል፣ ትልቅ ነገር ነው። አምስተኛውን ቀን አንድ ሰው ጠዋት በራሱ መኪና ያደርሰንና ከሰዓት እኔ በውሃ ታክሲ እመለስ ነበር፣ ዳውንታውን ፒየር 50 ወርደህ ጀልባዋ ላይ ትሳፈራለህ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲክረስት ፓርክ ታወርድሃለች፣ ከዛ ሸትል አለ ወደ ላይ የሚያወጣህ። ብዙ ሀበሻ ይቺን ጀልባ ቱሪስት ብቻ የሚሳፈርባት ይመስለዋል፣ በባስ ካርድህ ነው የምትከፍለው። ባስም ቢሆን ሎው ብሪጁን ቀን ላይ ማለፍ ስለሚችል ከመኪና ይፈጥን ነበር፣ ችግሩ በኮቪድ ምክንያት ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚጭን ፌርማታ ላይ ቆመህ እያየኸው ጥሎህ ያልፋል። ያ ከቀረ በኋላ ግን ዴልሪጅ ላይ ላለ ሰው ባስ ነበር የሚሻለው፣ እኔ ራሴ 2021 መጨረሻ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን በባስ ነበርኩ።

ስለ ማህበራዊ ኑሮ አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱን ማንም አይነግራችሁም። ሰው መጠየቅ ሲከብድ ሰው ይቀራል። መጀመሪያ ኮቪድ ነው ተባለ፣ ክትባቱ ወጥቶ ሰው መገናኘት ሲጀምር ደግሞ "ኧረ እናንተ ጋ ማን ይመጣል" ሆነ፣ ለቅሶ እንኳን ቀን ላይ ስንሄድ ሰው አልቅሶ ጨርሶ እራት ሲቀርብ ነው የምንደርሰው። አማቴ "ልጄ፣ አሜሪካን አገር ውስጥ ሆናችሁም ናፈቃችሁኝ" ያሉኝ ያኔ ነው። ምን አደረግን፣ የምንሄድበትን ሰዓት ከድልድዩ ጋር አስማማነው። ቅዳሜ ከምሽቱ በፊት በዙሪያው ሄደን እዛው አምሽተን ከ9 በኋላ በሎው ብሪጅ መመለስ። የነሱ ወገን ደግሞ ወደኛ ሲመጣ 9 ሳይሞላ የሚነሳ እንግዳ የለም፣ ድሮ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ቁልፉን የሚያንቀጫቅጨው ሁሉ አቦል ቶና በረካ ብሎ ተቀመጠ። 8:30 ላይ አንድ ሰው "አሁን ብትወጡ እኮ በጆርጅታውን ነው የምትዞሩት" ሲል ሁሉም ተመልሶ ይደላደላል። ቤታችን እንደዛ ዘመን ሞቆ አያውቅም ብል አልዋሸሁም።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናገር። መጀመሪያ ወራት ላይ ስልኬ በዚህ ታጠፍ በዚህ ውጣ እያለኝ ሳውዝ ፓርክ ውስጥ በመኖሪያ ቤቶች መሃል እየተሽሎከለኩ ነበር የምሄደው፣ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ። የማውቃቸው አንዲት እናት እዛ መንገድ ዳር ነው የሚኖሩት፣ አንድ ቀን መኪናዬን አይተው በእጃቸው አስቆሙኝና "አንተም?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቀኑን ሙሉ መስኮት መክፈት አልቻሉም፣ ጭስና ጩኸት ነው፣ የልጅ ልጃቸው አስም አለበት። ዋናው መንገድ ሲዘጋ መኪናው አይጠፋም፣ ሌላ ሰው በር ላይ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜም ድሮውኑ ፋብሪካና ጭነት መኪና በተከመረበት ሰፈር። ደግሞ የሳውዝ ፓርክ ሰው የራሱ ድልድይ ከ2010 እስከ 2014 ለአራት ዓመት ተዘግቶበት ነበር፣ ያኔ እኛ ዌስት ሲያትሎች ማን አስታወሳቸው? እኔ በበኩሌ ወሬውንም አልሰማሁም። ከዛ ቀን በኋላ ዋናውን መንገድ ይዤ ብቻ ነው የሄድኩት፣ በሱ ምክንያት ብዙም የዘገየሁ አይመስለኝም፣ ሁሉም በአቋራጭ ሲሄድ አቋራጩም ይሞላል።

ከተማው ደግሞ ሪኮኔክት ዌስት ሲያትል በሚል ፕሮግራም ሰፈሩን ምን ይሰራላችሁ፣ የቱ ይቅደም እያለ በወረቀትም በኦንላይንም ይጠይቅ ነበር። እኔ እንደዚህ አይነት ፎርም ሲመጣ ወደ ቆሻሻ ነበር የምወረውረው፣ ፈረንጅ ጡረተኛ የሚሞላው ነገር ነው ብዬ። ግን ሃይላንድ ፓርክ ዌይና ሆልደን የሚገናኙበት ጋ ሰው ለዓመታት ሲጮህበት የነበረው የትራፊክ መብራት ድልድዩ በተዘጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲተከል አየሁ፣ የትራፊክ መቀነሻ ጉብታም በየሰፈሩ ተሰራ፣ ያውም ሰው ጮክ ብሎ የጠየቀበት ሰፈር። ሙሉት። በእንግሊዝኛ ካቃታችሁ ልጆቻችሁን አስሞሉ።

እንደዚሁ ፈቃድ የሚሰጠውን ነገር ተከታተሉ፣ ህጉ በየጊዜው ይቀየራል። መጀመሪያ ለማንም አይፈቀድም የተባለው በኋላ ለድንገት ለሚጠሩ የጤና ባለሙያዎችና ህይወት አድን ህክምና ለሚመላለሱ ታማሚዎች በታርጋ ተመዝግበው ሎው ብሪጁን እንዲያልፉ ተፈቀደ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት በሳምንት ሶስት ቀን ኩላሊት ለማሳጠብ ማዶ ይሄዱ ነበር፣ ልጃቸው በዙሪያው እያዞረ ሲያመላልሳቸው ወራት አልፎታል፣ ፈቃድ እንዳለ ማንም አልነገራቸውም። እኔም የሰማሁት ነርሶቹ ብሬክ ላይ ሲያወሩ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ማለፍ ይችላሉ" ስላቸው እየቀለድኩ መሰላቸው። ፎርሙን ከልጃቸው ጋር ሞላነው። በየሳምንቱ ገብታችሁ እዩ፣ ትናንት ክልክል የነበረው ዛሬ ክልክል ላይሆን ይችላል።

ህመም ካነሳን ሌላም አለ። ዌስት ሲያትል ውስጥ ሆስፒታል የለም። ድሮ ሰው ሲታመም አንስተህ መኪና ውስጥ ከተህ ትበራለህ፣ ድልድዩ ተዘግቶ ሳለ ግን ቀን ላይ አንተ በዙሪያው ስትሄድ አምቡላንስ በሎው ብሪጅ ቀጥ ብሎ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ቢሉን ፈርታችሁ ከባድ ታማሚ ይዛችሁ በራሳችሁ መኪና አትውጡ፣ 911 ደውሉ። ልጄ አንድ ቀን ክንዱን ሰብሮ እኔ ራሴ ካልወሰድኩ ብዬ 55 ደቂቃ እያቃሰተ ወስጄዋለሁ፣ ክንድ ስለሆነ ነው።

ቤት ሸጦ ወይ ለቆ ስለመሄድ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሄዱ አሉ። አንድ ጓደኛችን በ2020 ክረምት ተበሳጭቶ ሬንተን ወጣ፣ አሁን መመለስ ፈልጎ ኪራዩ አልቀመስ ብሎታል። የሄደውን አልፈርድበትም፣ ግን መጀመሪያ ኤንቨሎፑን አውጥተህ ቁጠር፣ ሰላሳው አስራ አራት ከሆነ በኋላ አሁንም ካቃጠለህ ያኔ ሂድ።

የተባለውን የመክፈቻ ቀን ደግሞ እንደ ሰርግ ቀን አትያዙት። ጥገናው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነበር፣ ድልድዩን ከውጭ በካርቦን ፋይበር ሲጠቀልሉት፣ ከውስጥ ደግሞ በብረት ገመድ ወጥረው ሲያስሩት ነበር፣ ከዛ 2021 መጨረሻ ላይ የኮንክሪት መኪና ሾፌሮች አድማ መቱ፣ እስከ ኤፕሪል 2022 ቆየ። ሰፈሩ በሙሉ በቃ ሌላ ዓመት ነው አለ። እኔ የሾፌሮቹን ጥያቄ እደግፋለሁ፣ ራሴ ዩኒየን ውስጥ ነኝ፣ ግን በዛ ብርድ 4:25 ላይ መኪና እየጠረግኩ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም።

መጨረሻ ላይ እሁድ ሴፕቴምበር 18 2022 ይከፈታል ተባለ፣ እነሱ ግን ቅዳሜ ማታ ድምጽ ሳያሰሙ ከፈቱት። ፊሊፒኖው ደወለልኝ፣ "ክፍት ነው፣ አሁን ላዩ ላይ ነኝ" ይላል፣ ከኋላው ጥሩምባ ይሰማል፣ ሰው በሙሉ እየነፋ ነው የሚያልፈው። ፒጃማዬ ላይ ጃኬት ደርቤ ወጣሁ፣ ልጄ በካልሲው መኪና ውስጥ ገባ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ "እኔ አልሄድም፣ መጀመሪያ አንተ እለፍበትና እንየው" አለች። ሄደን ዳውንታውን ዞረን ተመለስን፣ ሃያ ስምንት ደቂቃ፣ ምንም ስራ ሳይኖረን። እሷ ግን ከዛ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል በሎው ብሪጅ ነበር የምትሄደው፣ ትልቁ ተከፍቷል እኮ ብላት፣ "ከ9 በኋላ ነው የምሄደው" አለችኝ።